ሸክላውን ከመለኮስዎ በፊት



ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ጓሮ ያለው ቤት ይዘው፣ አመሻሽ ላይ ውጭ ተቀምጠው እሳት መሞቅ ካማረዎ ነው። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ፣ በዴንቨር፣ በሲያትል ወይም በለንደን ዳርቻ የሚኖሩ ከሆነ የአትክልት ዕቃ የሚሸጥበት መደብር ደጃፍ ላይ ተገትሮ አይተውት ይሆናል፤ ሆዱ የተነፋ፣ ከፊት ለፊቱ አፍ የተከፈተለት፣ አንገቱ ወደ ላይ የረዘመ የሸክላ ምድጃ። ከሩቅ ሲያዩት ደረትዎ ላይ የሚደርስ ጀበና ይመስላል። ሜክሲኮዎች ቺሜኔያ ይሉታል።

ልነግርዎ የፈለግሁት አጭር ነው። ቺሜኔያ ሸክላ ነው፤ ሸክላ የሚጠይቀውን ሁሉ ይጠይቃል። ሻጩ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር አሰልፎ ስላቆመው ብዙ ገዢ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ይይዘዋል። ቤት በገባበት ቀን እንጨት ሞልቶ ይለኩሰዋል፣ ዝናብ ላይ ጥሎት ይገባል፣ በመጀመሪያው ክረምት ለሁለት ሲከፈልበት «የማይረባ ዕቃ ሸጡልኝ» ይላል። ምጣድ ሲሟሽ እያየ ያደገ ሰው ይህን ማድረግ የለበትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህች አንዲት ነገር ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ ስለ አገሩ። በምዕራብ ሜክሲኮ፣ በሀሊስኮ ግዛት፣ ዛሬ ከጓዳላሃራ ከተማ ጋር የተገጣጠሙ ቶናላና ትላኬፓኬ የሚባሉ ሁለት የሸክላ ከተሞች አሉ። ቶናላ ውስጥ ሸክላ መሥራት ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ሙያ ነው። ዛሬም ሐሙስና እሑድ በሚቆመው ገበያዋ መንገዱ በሸክላ ዕቃ ይሞላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዚያ አካባቢ ሸክላ በመርከብ እየተጫነ ስፔን ይገባ ነበር። ውኃ ሲፈስበት ዝናብ የነካው የአፈር ሽታ ስለሚሰጥ የማድሪድ እመቤቶች አጥብቀው ይወዱት ነበር፤ አንዳንዶቹማ ከጠጡበት በኋላ ሸክላውን ራሱን እየቆረጠሙ ይበሉት እንደነበር ተጽፏል። ሠዓሊው ዲየጎ ቬላስኬስ እ.ኤ.አ. በ1656 በሳለው «ላስ ሜኒናስ» ላይ ለትንሿ ልዕልት የምትቀርበው ቀይ የውኃ ዕቃም ከዚያው አገር የመጣች ናት የሚሉ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ይህ ከምድጃችን ጋር ብዙም ግንኙነት የለውም፤ ነገር ግን ሰው የዋጋ ቅናሽ ተለጥፎበት የሚያየው ሸክላ የማን ልጅ እንደሆነ ማወቁ አይከፋም።

በእነዚህ ከተሞች ሠሪው አፈሩን ፈጭቶና ነፍቶ ያቦካዋል፤ ከዚያ ጠፍጥፎ ያስፋዋል። የተጠፈጠፈውን ጭቃ ሜክሲኮዎች ራሳቸው ቶርቲያ ይሉታል፤ በየገበታቸው እንደሚቀርበው ቂጣ ማለት ነው። ቶርቲያው ጉብ ባለ ቅርጽ ማውጫ ላይ ይዘረጋል፣ በእጅ እየተመታ ቅርጹን ይይዛል። ትልልቅ ዕቃ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ በክፍል በክፍል ተሠርቶ ጥቂት ጠንከር ሲል በእርጥብ ጭቃ ይጋጠማል። መጋጠሚያውን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ሲደርቅ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ሙቀት ይተኮሳል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ፖርሲሊን ከ1200 ዲግሪ በላይ ሲተኮስ ጭቃው የብርጭቆ ጠባይ ይይዛል፤ ይገጥማል፣ ውኃ አያሳልፍም፣ ሲመቱት ይጮሃል። ዝቅ ባለ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ግን ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። ይህ የሠሪው ጉድለት አይደለም። እሳት ላይ የሚቀመጥ ዕቃ በአንድ ወገኑ ይሞቃል፣ በሌላ ወገኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ የሞቀው ሲለጠጥ ያልሞቀው አልለጠጥ ይላል፤ ዕቃው የሚሰነጠቀው በዚህ ጉተታ ነው። ቀዳዳ ያለው ሸክላ ለመለጠጥ ትንሽ ቦታ አለው፤ የተጀመረች ስንጥቅም ቀዳዳ ስታገኝ ብዙ ጊዜ እዚያው ትቆማለች። ጀበና ፍም ላይ ተቀምጦ የሚውለው፣ የፖርሲሊን ሳህን ግን የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ «የእኛ ሸክላ በጣም ከፍ ባለ ሙቀት የተተኮሰ ነው» ብሎ ቢመካብዎ ለአበባ ማስቀመጫ ያመስግኑት፤ ለእሳት ግን ሁለት ጊዜ ያስቡ።

ያው ቀዳዳ ግን ውኃ ይጠጣል። ዝናብ ሲመታው ሸክላው ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይከርማል። በዚያ ላይ ትልቅ እሳት ካነደዱበት በግድግዳው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ውኃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ሸክላውን ገንጥሎ ይወጣል። ይህ በእሳት የሚመጣው አደጋ ነው። በውርጭ የሚመጣውም አለ፤ ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በኖቬምበር ዝናብ የጠጣ ሸክላ ጃንዋሪ ሲመጣ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይለኩሰው፣ ቅርፊት ቅርፊቱን እየጣለ ያልቃል። የሀሊስኮ ሸክላ የሚኒሶታን ክረምት አያውቅም። ሜዳ ላይ አቁመውት ከከረሙ ጥፋቱ የሸክላው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ማሟሸቱ እንምጣ። ቺሜኔያውን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ አብሮት በሚመጣው የብረት መቀመጫ ያቁሙት። ሆዱ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ወይም ባለ ቀዳዳውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሙሉበት፤ ከአፉ ከንፈር ጥቂት ዝቅ እስኪል ድረስ። አሸዋው ፍሙ ሸክላውን በቀጥታ እንዳይነካው ያደርጋል፤ ሙቀቱንም በአንድ ቦታ እንዳይከማች አድርጎ ያዳርሰዋል። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ምድጃቸው ከወለሉ ይበሳል፤ አይዝለሉት። ከዚያ አንድ እፍኝ ጭራሮ ብቻ ይለኩሱ። ፍልጥ አይጨምሩ። ጭራሮው ነዶ ይለቅ፤ ሸክላው በራሱ ጊዜ ጨርሶ ይቀዝቅዝ፤ ውኃ አያርከፍክፉበት። በሌላ ቀን ጥቂት ከፍ ያለ እሳት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ። አራትና አምስት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ በኋላ ነው ፍልጥ የሚገባው። በእነዚህ ቀናት በግድግዳው ውስጥ የቀረው እርጥበት ሳይቸኩል ይወጣል፤ ሸክላውም መሞቅና መቀዝቀዝ ይለምዳል። እንግዳ ጠርተው «ዛሬ አዲሱን ምድጃ እንመርቀው» ካሉ እሳቱን በእንግዳው ብዛት ልክ ማድረግዎ አይቀርም፤ ስለዚህ ከማሟሸትዎ በፊት እንግዳ አይጥሩ።

አንድ ነገር እዚህ ይለያል። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሽ ቅባቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ እንጀራው እንዳይዝ የሚያደርገውም እሱ ነው። ቺሜኔያ ቅባት አይቀባም፤ የሚጋገርበት ነገር የለውምና ቅባቱ ነዶ ጭስና ሽታ ከመሆን አያልፍም። ከውጭ ግን ለሸክላ የሚሆን፣ በውኃ የሚበጠበጥ መከላከያ ቅብ ይቀባል። ቅቡ እሳት ባየ ቁጥር እየሳሳ ስለሚሄድ በየጊዜው ይታደሳል። ቅብ አለው ብለው ደግሞ ዝናብ ላይ አይተዉት፤ ክዳን ለጭስ መውጫው፣ ሽፋን ለገላው፣ ከተቻለም በክረምት ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት ያስፈልገዋል። ሲያነሱት ሁለት ሆናችሁ ከሆዱ እቀፉት፤ በአንገቱ አይያዝም።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ብልሃቱ ነው። ሞቃት አየር በአንገቱ ሽቅብ ሲወጣ በአፉ በኩል ንጹሕ አየር ይስባል፤ እሳቱ ሳይነፉበት ይነዳል፣ ጭሱም ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ይወጣል። ሜዳ ላይ የተለኮሰ እሳት ነፋስ በዞረ ቁጥር ሰውን ወንበር ያስቀይራል፤ ቺሜኔያ አያስቀይርም። በምላሹ ሙቀቱን የሚሰጠው ከአፉ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ነው። ከኋላው ተቀምጦ የሚሞቅ የለም። ስለዚህ ለሦስትና ለአራት ሰው ጨዋታ እንጂ ለድግስ አይሆንም። ነበልባሉ በአንገቱ በኩል ብቅ ካለ እሳቱ በዝቷል፤ በዚህ ጊዜ እንጨት መጨመር ይቁም። ማጥፋት ካስፈለገ አሸዋ እንጂ ውኃ አይደለም፤ የጋለ ሸክላ ላይ ውኃ ማፍሰስ ማለት መዶሻ ማንሳት ማለት ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ማርከፍከፍማ ለሸክላውም ለሰውም ነው የሚከፋው።

ለማቀጣጠያ ሜክሲኮዎች ኦኮቴ የሚባል ሙጫ የበዛበት የፓይን ስንጥር ይጠቀማሉ፤ በእርጥብ ቀንም ይይዛል። በኒው ሜክሲኮና በሰሜን ሜክሲኮ የሚበቅል ፒኞን የሚባል አጭር የፓይን ዓይነትም አለ፤ ጭሱ መልካም ሽታ ስላለው የቺሜኔያ ባለቤቶች ይፈልጉታል። ትንኝ ያባርራል ብለው ይሸጡልዎታል፤ ጭስ ሁሉ ትንኝን ትንሽ ያርቃል፤ ለዚህ ብለው ዋጋ አይጨምሩ። ዋናው ነገር እንጨቱ መድረቁ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውኃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውኃ ሲያፈላ ይውላል፣ ለእርስዎና ለጎረቤትዎ የሚተርፈው ጭስ ነው። ተፈልጦ፣ ንፋስ በሚያገኘው ጥላ ተከምሮ ቢያንስ አንድ በጋ ያሳለፈ ይሁን። ቀለም የተቀባ፣ ወይም እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣ የግንባታ እንጨት በፍጹም አይለኩሱ። በአሜሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 መጨረሻ ድረስ ለቤት በረንዳና ለአጥር የተሸጠው መድኃኒት የጠጣ እንጨት አብዛኛው አርሴኒክ አለበት፤ አሮጌ አጥር ሲፈርስ «ለማገዶ ይሆናል» የሚባለው እሱ ነው።

ስለ ታሪኩ ደግሞ ሻጮች የሚነግሩዎትን በጥርጣሬ ይስሙ። «የ400 ዓመት ምድጃ» ይላሉ፤ ለዚህ ቁጥር ማስረጃ ሲያቀርቡ ግን አላየሁም። የተረጋገጠው ነገር ከማስታወቂያው ይበልጥ ደስ ይላል። ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1521 የአዝቴኮችን ከተማ ከመያዛቸው በፊት በማዕከላዊ ሜክሲኮ የቤት እሳት የሚነደው በሦስት ድንጋይ መካከል ነበር። በእኛው ጉልቻ። ሸክላ ምጣዳቸው፣ ኮማል የሚሉት፣ በሦስቱ ላይ ይጣዳል፤ ቶርቲያው ይጋገራል፤ ጭሱ በሣሩ ክዳን ውስጥ አድርጎ ይወጣል። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ፣ በውቅያኖስ ተለያይተው፣ አንድ ዓይነት ጉልቻ ላይ አንድ ዓይነት ምጣድ ጥደዋል።

እሳቱን ደግሞ ያከብሩት ነበር። ሽማግሌው የእሳት አምላክ ሁዌሁዌቴዎትል ቆዳው የተጨማደደ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ራሱ ላይ የእሳት ማንደጃ የተሸከመ ሆኖ ይቀረጽ ነበር፤ ምስሉም በጥንቶቹ በኩዊኩዊልኮና በቴዎቲዋካን ከተሞች ተቆፍሮ ወጥቷል። አዝቴኮች ደግሞ በየ52 ዓመቱ፣ የዘመን ቆጠራቸው ዙር ሲሞላ፣ በአገሩ ያለውን እሳት ሁሉ ያጠፉ ነበር። የምድጃ ድንጋዮቻቸውንና የቤት ዕቃቸውን አውጥተው ይጥላሉ። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ዛሬ የኮከብ ኮረብታ ወደሚባለው፣ በሜክሲኮ ሲቲ ኢስታፓላፓ ውስጥ ወዳለው ተራራ ያንጋጥጣሉ። ካህናቱ በዚያ አዲስ እሳት ካወጡ ዓለም ለሌላ 52 ዓመት ትቀጥላለች፤ ካልወጣ አበቃ። እሳቱ ሲወጣ በችቦ በችቦ ወደየቤቱ ይወርዳል። ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1507 ነው፤ ዙሩ ዳግም ሳይሞላ ስፔኖች መጡ። ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ምድጃና የጭስ መውጫ ያመጡት እነሱ ናቸው። የአገሬው የሸክላ እጅና የስፔኑ ጭስ መውጫ በአንድ ዕቃ ላይ መገናኘታቸው ቺሜኔያን ላየ ዓይን ግልጽ ነው። በአሜሪካ ጓሮዎች ፋሽን የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው፤ ከድንበር ማዶ በጭነት መኪና እየተጫነ መጣ፣ የአትክልት መደብሩን ሞላ።

አሁን ስለ ጭሱ፤ ይህን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና ከሰል ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው እንደሞተ ይገምታል። ብዙውን የሚተነፍሱት ሴቶችና እነሱ ያዘሏቸው ልጆች ናቸው። በሜክሲኮ ሚቾዋካን ግዛት ፓትሳሪ የሚባል ማገዶ ቆጣቢ፣ ጭሱን በቱቦ የሚያስወጣ ምድጃ በፑሬፔቻ ቤተሰቦች ዘንድ ተሠራጭቷል፤ በአገራችንም ላቀች የከሰል ምድጃና ምርጥ የእንጀራ ምድጃ የተሠሩት ለዚሁ ነው። አንዱ ከጭስ ለመገላገል ሲደክም ሌላው በትርፍ ጊዜው ጭስ ይገዛል። ይህን የምለው ቺሜኔያ አይግዙ ለማለት አይደለም፤ እኔም ፊቱ መቀመጥ እወዳለሁ። ነገር ግን በየምሽቱ የሚነድ ከሆነ፣ ጎረቤት አስም ካለበት፣ ወይም አየሩ ቆሞ ጭሱ መንደሩ ላይ ከተኛ፣ ጨዋታው ለሌላው ሳል ሆኗል።

ሕጉም የየአገሩ ነው። በእንግሊዝ ጭስ በሚከለከልባቸው ቀበሌዎች ውስጥም ቢሆን ቺሜኔያን ጓሮ ውስጥ ማንደድ ይቻላል፤ ጭሱ ጎረቤትን ካወከ ግን የአካባቢው አስተዳደር እርምጃ መውሰድ ይችላል። በካሊፎርኒያ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የአየር ማስጠንቀቂያ በተነገረበት ቀን እንጨት ማንደድ ክልክል ነው፤ ክልከላው የጓሮውንም እሳት ይጨምራል። ድርቅ ባለበት የምዕራብ አሜሪካ ግዛትም የእሳት እገዳ በየበጋው ይወጣል። ከመግዛትዎ በፊት የሰፈርዎን ይጠይቁ፤ ተከራይ ከሆኑ ውልዎን ያንብቡ። ከቤቱ፣ ከአጥሩና ከዛፉ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ እንጨት ወለል ባለው በረንዳ ላይ አይቀመጥ፤ ጭስ መውጫው ላይ ብልጭታ የሚይዝ ወንፊት ይግባለት። ዝናብ መጣ ብለው ደግሞ እየነደደም ሆነ ፍም ይዞ ወደ ጋራዥ አያስገቡት። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ እንዳይነሳ እንደሚያደርግ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም፤ ቺሜኔያም ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚያወጣው።

«ታዲያ የብረቱን ብገዛስ?» ይሉኝ ይሆናል። በተመሳሳይ ቅርጽ ከካስት አይረንና ከአልሙኒየም የሚሠሩ አሉ። ካስት አይረን እንደ ሸክላ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ግን ይዝጋል፣ በጣም ይከብዳል፣ ሲግል የሕፃን እጅ ካረፈበት አይምርም። አልሙኒየም አይዝግም፤ ነገር ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የጋለ ፍም ደግሞ እዚያ ሙቀት ላይ ይደርሳልና ስሱን አይግዙ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ዕቃ ማስገቢያ ከሌለዎት፣ ክረምቱ ውርጭ ከሆነ፣ ለማሟሸቱም ትዕግሥት ከሌለዎት፣ ካስት አይረኑን ይግዙና ይገላገሉ። ትዕግሥቱና ጥላው ካለዎት ግን ሸክላውን ይምረጡ። ሙቀቱ ለስለስ ይላል፤ እሳቱ ከጠፋም በኋላ ግድግዳው ሲያሞቅዎ ይቆያል። ከጊዜ በኋላ ቀጭን ስንጥቅ ቢያወጣም አይደንግጡ፤ እሳት በሚችል ማጣበቂያ ይደፈናል።

ሲገዙ ይህን ያድርጉ። አንገቱና ሆዱ የተጋጠሙበትን ዙሪያውን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ስንጥቅ መጀመሪያ የሚመጣው እዚያ ነው። የአፉን ከንፈር ውፍረት ይዩ፤ አንዱ ወገን ስስ ሌላው ወፍራም ከሆነ እኩል አይሞቅም። በመጨረሻ ሆዱን በጣትዎ አጥንት ኳ ያድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። የታፈነውን በግማሽ ዋጋ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት።